ቀይ ገንፎ

በ1971 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ ፀሐይ ጠፋች። ዝናቡ መጋቢት ላይ ገባ። ግንቦት ሲያልቅ አባራ፤ ደመናው ግን አልሄደም። ሰኔ ብርድ ነበር፤ ሐምሌም፣ ነሐሴም። ያሰጣነው በርበሬ ሻገተ። የሻገተውን ጥለን ሌላ አመጣን፤ እሱም ሻገተ። እትዬ ብዙነሽን ሳል ያዛት። እናቴ ከአገር የወጣችበትን ጫማ ሸጠች። አባቴን ደርግ አዲስ አበባ ካሰረው በኋላ ይኑር ይሙት የሚነግረን አልተገኘም። በዚያ ክረምት ከእኛ የሞተ የለም። ስለ ክረምቱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ኪሊማኒ ውስጥ ከአንድ ሰፊ ግቢ ጀርባ፣ ለሠራተኛ በተሠራች አንዲት ክፍል ውስጥ ሦስት ሆነን እንኖራለን፦ እናቴ ሙሉሸዋ፣ እትዬ ብዙነሽና እኔ። እትዬ ብዙነሽ ዘመዳችን አይደለችም። ሞያሌ ላይ ተገናኝተን አብረን የመጣን ሴት ናት፤ ከእናቴ በዕድሜ ትበልጣለች፣ በአፍም ትበልጣለች። ሁለቱ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጁ ለሐበሻ ቤቶች ይሸጣሉ። ግቢውን የተከራየው አቶ ባንታየሁ ነበር፤ ሁርሊንግሃም ሰፈር ምግብ ቤት ያለው ሰው። በርበሬያችንን ከሁሉ በላይ የሚገዛን እሱ፣ የምናድርባትን ክፍል የሰጠን እሱ፣ ዋሳችንም እሱ።

ዋስትናው እንዲህ ነው። ናይሮቢ እንደገባን ያለ ወረቀት ተገኝተን ፖሊስ ጣቢያ አስገቡን። ሲሚንቶ ላይ አደርን። ልጅ የያዘች ሐበሻ ሴት ታስራለች ሲባል የሰማው አቶ ባንታየሁ ጠዋት መጣ፣ እኔ እጠየቅላቸዋለሁ ብሎ ለሦስታችንም ፈረመ፣ በመኪናው ጭኖ አወጣን። ያን ቀን ደግ ሠርቷል። አልክድም።

ከዚያ በኋላ ግን ያን ቀን አላሳርፈው አለ። በርበሬው ቶሎ እንዲደርስለት ሲፈልግ ያን ቀን ይነሣል። ክፍላችን ውስጥ ዕቃ ሊያስቀምጥ ሲፈልግ ያን ቀን ይነሣል። አንድ ጊዜ በራችን ላይ ቆሞ፣ ለፖሊስ ጣቢያው ሹም አንዲት ቃል ብተነፍስ እኮ ነገ ሞያሌ ናችሁ ብሎ ሳቀ። ሞያሌ ማለት ደርግ ማለት ነበር። እናቴ አልሳቀችም። እኔ ሳቅሁ፣ እሱ ስለሳቀ።

እወደው ነበር። ነጭ ፔጆ አለው። ፊት ወንበር ላይ አስቀምጦ ጡሩምባውን እንድነካ ይፈቅድልኛል፤ "እንዴት ነህ ጌታው?" ይለኛል። ዋስ ማለት የሥጋ ዘመድ ይመስለኝ ነበር፣ እንደ አጎት ያለ። ትምህርት ቤት ውስጥ መምህሯ ዘመድ አለህ ወይ ብላ ብትጠይቀኝ፣ አጎቴ ባንታየሁ አልኋት። እቤት ገብቼ ይህን ለእናቴ ስነግራት የያዘችውን ወንፊት አስቀምጣ ረጅም ጊዜ አየችኝ። የተደሰተች መስሎኝ ነበር።

በርበሬው የሚፈጨው ካዋንግዋሬ ሰፈር፣ ምዜ ጊታው የሚባል ሽማግሌ ወፍጮ ቤት ነበር። ለሰፈሩ ሰዎች የበቆሎ ወፍጮ ነው፤ ሴቶቹ ደቤያቸውን፣ የቆርቆሮ ጣሳቸውን፣ በጭንቅላታቸው ተሸክመው መጥተው ይሰለፋሉ። እኛ በርበሬ ይዘን ስንገባ የሚያስነጥሰው ብዙ ነው። እናቴ በርበሬዋን ፈጭታ ከጨረሰች በኋላ ከሌላ ከረጢት በቆሎ ታወጣና ወፍጮው ላይ ታፈሳለች። የመጀመሪያው ዱቄት ቀይ ሆኖ ይወርዳል። እሱን ለብቻው ትይዛለች። እንደገና ታፈሳለች። ነጭ ሲሆን በምላሷ ጫፍ ትቀምሰዋለች፤ ከዚያ በመዳፏ ይዛ ለምዜ ጊታው ታሳየዋለች። ሽማግሌው ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል። ያኔ ተረኛዋ ትገባለች።

ቀዩን ዱቄት ወደ ቤት ወስደን ገንፎ እናገነፋለን። በርበሬ በተፈጨ ቁጥር ቀይ ገንፎ አለ። ያቃጥላል፣ ያስለቅሳል፤ ለመድሁት። የአገራችን ምግብ ይመስለኝ ነበር። የነገሥታት ገንፎ ነው ትለኝ ነበር እትዬ ብዙነሽ፤ ትምህርት ቤት ሄጄ ለልጆቹ በእኛ አገር ገንፎ ቀይ ነው ብዬ ኮራሁባቸው።

አሁን ራሴ ወፍጮ ቤት አለኝ። ትምህርቱን ከሰባተኛ ክፍል አልገፋሁበትም፤ ወፍጮ ግን አውቃለሁ። ያ ገንፎ የወፍጮው እጣቢ ነበር። የሰው ዱቄት ንጹሕ ሆኖ እንዲወርድ እጣቢውን የምንበላው እኛ ነበርን። አላፍርበትም። ያን ገንፎ የበላ አፍ ዛሬም ማንንም አይለማመጥም።

መስከረም ላይ ፀሐይ ተመለሰች። አቶ ባንታየሁም ከአንድ ወጣት ጋር መጣ። ወጣቱ ፍሥሐ ይባላል፤ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለ ሸሽቶ የመጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚያድር፣ ካናዳ እሄዳለሁ የሚል። የከተማው ጤና ክፍል ምግብ የሚያዘጋጅ ሰው አሠራሩን በጽሑፍ ያቅርብ ብሏል አለን አቶ ባንታየሁ። ሁለት ሆቴሎችም በርበሬውን ጠይቀውታል። ስለዚህ ሥራው ከእናንተ ጭንቅላት ወጥቶ ወረቀት ላይ ይስፈር፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ማንም አንብቦ እንዲሠራው። ፍሥሐ በማግስቱ ሊጀምር ተስማሙና ሄዱ።

ሴቶቹ ዛላ ለመቀንጠስ ተቀመጡ፤ እኔም አጠገባቸው ነጭ ሽንኩርት እልጣለሁ። እትዬ ብዙነሽ ነገሩ ወዲያው ገብቷታል።

"ሰውዬው ሥራሽን ሊወስድ ነው፣ አንቺ ልጅ" አለቻት።

"አውቃለሁ።"

"እንግዲያው አንዱን አስቀሪ። እናቴ ለልጆቿ ሚስቶች ባልትና ስታሳይ ሁሌ አንድ ነገር ታስቀር ነበር። እሷ እስክትሞት የማናቸውም ወጥ እንደሷ ሳይጥም ኖረ።"

እናቴ መልስ አልሰጠችም። ቅንጠሳዋን ቀጠለች። እኔም የእናቴን ዝምታ የማውቅ ይመስለኝ ስለነበር፣ እሺ ማለቷ ነው ብዬ ያዝሁት።

በማግስቱ ፍሥሐ ደቤ ደፍቶ ተቀመጠበት። አቶ ባንታየሁ በሩ ላይ ቆመ። እናቴ እየሠራች ትናገራለች፣ ፍሥሐ ይጽፋል፣ በየመካከሉ ይጠይቃል። ኮረሪማው ምን ያህል ይታመስ አላት።

"እስኪሸት።"

"እስኪሸት ማለት ስንት ደቂቃ ነው፣ እትዬ ሙሉ?"

"አፍንጫ የለህም?" አለች እትዬ ብዙነሽ ከጥግ። ፍሥሐ ሳቀ። አቶ ባንታየሁ ግን አልሳቀም። የሚጻፈው ለማያውቅ ሰው ነው፣ ሰው የሚገባው አድርገሽ ተናገሪ አላት። እናቴ ጥቂት አሰበች። ከዚያ ነገሯ ተለወጠ። ነጭ ሽንኩርቱን በጣሳ ሰፍራ አሳየችው። ዝንጅብሉን ሰፈረች። ጤና አዳሙን በጭብጧ ያዘችና ጭብጤ ትንሽ ናት፣ ይህንንም ጻፍ አለችው። ድልዙ ተሸፍኖ የሚያድርበትን ዕቃ፣ ኬሻው ላይ ሲሰጣ የሚኖረውን ውፍረት፣ ደመና ሲመጣ ማን ሮጦ እንደሚያነሣው፣ ሁሉንም ተናገረች።

"ሻጋታ በዓይን አይለይም፣ በአፍንጫ ነው፤ ጻፍ። በዚህ እጅ ሕፃን አይነካም፤ ጻፍ።"

"ይኼ ደግሞ ምን ያደርጋል?" አለ አቶ ባንታየሁ።

"ሕፃን ያላት ሴት ቢቀጥሩስ?" አለችው። እሱን ሁልጊዜ አንቱ እያለች ነው የምታናግረው።

ነገሩ ወፍጮው ጋ ሲደርስ እኔ የለሁም፤ ላምባ እንድገዛ ተልኬ ነበር። ስመለስ ፍሥሐ ወረቀቶቹን እያስተካከለ ነው። አቶ ባንታየሁ ደስ ብሎታል፤ እስከ መንገዱ ድረስ በፔጆው ወሰደኝ። እኔም ጡሩምባውን እየነካሁ በልቤ፣ ምን እንዳስቀረችብህ አታውቅም እለው ነበር። ምን እንዳስቀረች እኔም አላውቅም። ብቻ ማስቀረቷን አልተጠራጠርሁም።

ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ መጣ። ከእንግዲህ በርበሬው ምግብ ቤቱ ጓሮ ይዘጋጃል፤ ሁለት ሰው ቀጥሯል። የእትዬ ብዙነሽ ሳል ለምግብ ሥራ አይሆንም። ሙሉሸዋ ከፈለገች ሰሐን ማጠብ ትችላለች። ይህን ሁሉ የነገረን እየቸኮለ፣ መኪናውን ሳያጠፋ ነበር።

"እሺ" አለች እናቴ።

ያቺ "እሺ" አመመችኝ። እሱን እየወደድሁትም አመመችኝ። እትዬ ብዙነሽ መኪናው ከግቢ እስኪወጣ ጠብቃ ምራቋን ተፋች፤ ምን ነው አንድ ቃል እንኳ ብትናገሪው አለቻት።

"ዋሴ ነው" አለች እናቴ። "ያን እስክከፍለው ድረስ የምናገረው ቃል የለኝም።"

እንዴት ይከፈላል? እስር ቤት በር ላይ የተሰጠ ነገር በሳንቲም አይመለስም። ይህን የምለው ዛሬ ነው። ያኔ የገባኝ እናቴ ሰውዬውን እንደምትፈራ ብቻ ነበር። ሰሐን ለማጠብ ሄደች። በምግብ ቤቱ የጓሮ በር እየገባች፣ ሌሎች በርበሬዋን ሲደልዙ እያየች አጠበች። አንድ ቀን ድልዙ ላይ ዝናብ ሲመጣ የተቀጠሩት ልጆች እስኪያዩት አልጠበቀችም፤ እጇን ሳትጠርግ ሮጣ ኬሻውን ያነሣችው እሷ ናት። ይህንም ያየሁት እኔ ነኝ፤ ተናደድሁባት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ፍሥሐ እየሮጠ ግቢያችን ገባ። የአቶ ባንታየሁ ሠራተኞች በርበሬውን ካዋንግዋሬ ወስደው ፈጭተው ወጥተዋል። ከኋላቸው የተሰለፉት ሴቶች በቆሎአቸውን ፈጭተው ለልጆቻቸው ኡጂ አፍልተዋል፤ አጥሚት መሆኑ ነው። ሕፃናቱ እሪ አሉ። ሱሙ ነው፣ ሱሙ ነው እያሉ ሴቶቹ ወጡ፤ መርዝ ማለታቸው ነው። የውጭ አገር ሰዎች ልጆቻችንን መረዙ ተባለ። ወፍጮ ቤቱን ከበቡት። ፖሊስ ሄዶ አቶ ባንታየሁን ከምግብ ቤቱ ወሰደው።

እትዬ ብዙነሽ ሳል እስኪያንቃት ሳቀች። "አስቀረችበት!" አለች። "ወፍጮውን አስቀረችበት!" የእናቴን ራስ ይዛ ሳመቻት። እናቴ ያልሰማች ይመስል የልብስ ሻንጣዋን ከፈተች። እኔ በኩራት ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ። እናቴ አንዲት ነገር አስቀርታ ባለ ፔጆውን ጣለችው። ይህን ታሪክ በዚህ መልክ ለብዙ ዓመት ለብዙ ሰው አወራሁት፤ ልጆቼም የሚያውቁት እንዲህ ነበር።

ፍሥሐ ካናዳ አልሄደም። እዚሁ ናይሮቢ አርጅቶ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልጆች ሲያስተምር ኖረ። በቅርብ ዓመት ወፍጮ ቤቴ መጥቶ ተቀምጦ ሳለ ታሪኩን እየሳቅሁ ብነግረው አልሳቀም።

"አላስቀረችም" አለኝ። "ዱቄቱ ነጭ እስኪወርድ በቆሎ ይፈጭበት፣ ቀዩ ለሰው አይሰጥ ብላ ሁለቴ ነግራኛለች። ጽፌዋለሁ። ባንታየሁ ነው ሰርዝ ያለኝ። የሰው ወፍጮ ለማጠብ በቆሎ አላባክንም፣ ባለቤቱ ይጠብ አለኝ። ሰረዝሁ።"

"ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግረኝ?"

"እናትህ ታውቅ ነበር። አንተ የማታውቅ አልመሰለኝም።"

እንግዲህ ባንታየሁ የታሰረ ቀን ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ያየሁትን ሁሉ በዚህ ዕድሜዬ እንደገና ማየት ነበረብኝ።

ያን ቀን ፍሥሐ ወሬውን እንዳመጣ እናቴ ንጹሕ ቀሚስ ለብሳ ና አለችኝ። ስዋሂሊዋ ከገበያ አያልፍም፤ ምላሷ እኔ ነበርሁ። እትዬ ብዙነሽ ታስሮ ልየው፣ እኔም ልምጣ ብትል፣ አንቺ ሳልሽን አስታሚ አለቻት። ልትስቅበት የምንሄድ መስሎኝ ነበር፤ ስለ ፔጆው ትንሽ አዝኛለሁ፣ ግን ደግሞ ቸኩያለሁ።

ያው መጀመሪያ ያደርንበት ጣቢያ ነው። ግቢው ውስጥ ሴቶቹ ዱቄታቸውን በጨርቅ ቋጥረው ቆመዋል። ምዜ ጊታው ባርኔጣውን ደፍቶ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አቶ ባንታየሁ ከባንኮኒው ጀርባ ነው። ቀበቶውንና ጫማውን ወስደውበታል፤ የአንዱ እግር ካልሲ አውራ ጣቱ ጋ ተቀድዷል። ሰውዬው ካልሲው የሚቀደድ ሰው መሆኑን አላውቅም ነበር።

እናቴን እንዳየ ለሹሙ በጠራ ስዋሂሊ ቶሎ ቶሎ ተናገረ። ሹሙ ወደ እኔ ዞረና ለእናትህ ንገራት አለኝ።

"ሥራውን ያሳየችኝ እሷ ናት፣ ይህን አስቀርታብኛለች፣ እሷን ጠይቋት ይላል" አልኋት።

እናቴ አየችው። እሱ ባንኮኒውን ያያል። ፍሥሐ ከኋላችን በር ላይ ቆሟል፤ አንድ ቃል ብትለው ኖሮ ይመሰክር ነበር። አዎ እንድትል ጠበቅሁ፤ አስቀርቻለሁ፣ ደግ አደረግሁ እንድትል። አዎም አላለች፣ አይደለምም አላለች። ጥፋተኛ ስለሆነች ዝም ያለች መሰለኝ።

ከአንዷ ሴት ጨርቅ ውስጥ ዱቄቱን ዘገነችና ደረቁን ቃመችው። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አልጠረገችውም። "አድኔ" አለችኝ በስሜ፣ "ፒሊፒሊ፣ በርበሬ ነው በላቸው። መርዝ አይደለም። ወተት ይስጧቸው፣ ሳይመሽ ይተዋቸዋል።" ነገርኋቸው። ከዚያ ማንም ሳያዘኝ እኔም ዘግኜ ቃምሁ። አላለቀስሁም። እኛ ቤት ሁልጊዜ የምንበላው ይህን ነው አልኋቸው። አንዷ ሳቀች፤ ሌላዋ ተከተለች። አንዲት አሮጊት ምስኪን ልጅ ብላ ራሴን ነካችኝ፤ ራሴን ሸሸሁባት።

ሹሙ ግን ክሱ አልቀረም አለ። ሰውዬው ፍርድ ቤት እስኪቀርብ ዋስ የሚሆነው ከሌለ እዚሁ ያድራል። አቶ ባንታየሁ በሩን አየ። በምግብ ቤቱ ሲበሉ ሲጠጡ ከኖሩት አንድ የመጣ የለም።

"ዋሱ እኔ ነኝ በለው" አለች እናቴ።

አልተረጎምሁም። አየኋት። ደገመችልኝ። ተረጎምሁ።

ሹሙ የሦስታችን ስም ያለበትን የዋስትና ወረቀቷን ተቀብሎ አነበበና ሳቀ። አንቺ እዚህ አገር የምትኖሪው በዚህ ሰው ቃል ነው አላት። እሱ እኔ ዘንድ ታስሯል። የታሰረ ሰው ቃል ላይ የቆመች ሴት ለታሰረው ሰው እንዴት ዋስ ትሆናለች? ይህን ተረጎምሁላት። የእሱም የእሷም ቃል ከወደቀ ሞያሌ እንደምንመለስ እኔም ገብቶኝ ነበር።

እናቴ ባንኮኒውን በሁለት እጇ ያዘች። "የእኔ ቃል በእሱ ላይ አልቆመም በለው።"

ነገርሁት። ያኔ ምዜ ጊታው ባርኔጣውን አውልቆ ተነሣ። ይህች ሴት በመጣች ቁጥር ወፍጮዬን ነጭ እስኪወርድ ታጥባለች አለ። ታጥባ ታሳየኛለች። እጠቢ ብዬ አዝዣት አላውቅም። ያን ሰው አላውቀውም፣ ዋሱም አልሆንም። የእሷ ዋስ ግን እኔ ነኝ፤ በእኔ ስም ጻፏት።

ሹሙ ሽማግሌውን አየ፣ እናቴን አየ፣ እንደወደዳችሁ አለ። በወረቀቷ ላይ የአቶ ባንታየሁን ስም ሰርዞ የምዜ ጊታውን ጻፈ። ሽማግሌው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ። ቀጥሎ እናቴ ለአቶ ባንታየሁ ፈረመች፤ በቀጠሮው ቀን ባይቀርብ በእሱ ፈንታ የምትገባው እሷ ናት። ቀስ ብላ፣ እያንዳንዷን ፊደል እያየች ፈረመች።

ጫማውን መለሱለት። ጎንበስ ብሎ ሲያስር፣ ወደ ላይ ሳያይ፣ "እግዜር ይስጥሽ ሙሉሸዋ፤ ይህን ውለታሽን…" ብሎ ጀመረ። አላስጨረሰችውም።

"ውለታ አይደለም" አለችው። "አንድ ቀን እዚህ መጥተህ አወጣኸኝ። ዛሬ መጥቼ አወጣሁህ። ከእንግዲህ አለብሽ የምትለኝ ነገር የለም።"

አንተ ስትለው የሰማሁት ያኔ ነው። ሹሙ ምን አለችው ብሎ ጠየቀኝ። እናቴ ትከሻዬን ያዘችና ይህን አትተርጉምለት አለችኝ። መኪናው ደጅ ቆሞ ነበር፤ በእግራችን ሄድን። በዚያው ሳምንት ከግቢው ወጥተን ካዋንግዋሬ ውስጥ የቆርቆሮ ክፍል ተከራየን። እትዬ ብዙነሽ እስክትሞት ድረስ፣ ያን ሰው ማስፈታትሽ ቂልነት ነው እያለች ተከራከረቻት።

የቀጠሮው ቀን እናቴ ከሁሉ ቀድማ ፍርድ ቤት ገባች። እኔን ከጎኗ አስቀመጠችኝ። ስም እየተጠራ ብዙ ሰው አለፈ። ያልቀረበ ሲኖር ዋሱን ያስነሡታል፤ አንዱን ሲወስዱት አየን። እናቴ ፊቷን አላዞረችም። የባንታየሁ ስም ተጠራ። ዝም ተባለ። ከዚያ ከኋላ፣ በሩ ጋ፣ አለሁ የሚል ድምፅ ሰማን።

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች፤ በአጠገቡ አልፋ ወጣች። ፍርዱን አልቆየችለትም። ምን እንደፈረዱበት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እሷም ጠይቃ አታውቅም።